ሦስተኛው አንቀጽ

አባቴ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በሰማያዊ ጃንጥላ ተጠልሎ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ይጽፍ ነበር የምለው ሰው እንደሚያውቀው ነው እንጂ፣ መሰናዶ ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እሱ ባለጉዳዩን ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ አገጩን ያሻሻል፣ ከዚያ አንቀጽ በአንቀጽ ይነግረኛል። እኔ ታይፑን እመታለሁ። ባለጉዳዩ ይዞት የመጣውን ወረቀት የማነብለትም እኔ ነኝ። ያየን ሁሉ "ልጁን ሙያ እያስተማረ ነው፤ አባት ማለት እንዲህ ነው" እያለ ያልፋል። እኔም በዩኒፎርሜ ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።

እውነቱ ግን አባዬ ማየት እያቆመ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን ብሎታል። ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እሱ፣ እኔና እናቴ። እናቴ ተክለ ሃይማኖት በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች፤ ፊደል ስላልቆጠረች በሥራው ልትረዳው አትችልም። የእሷ ድርሻ ወር በገባ በልደታ ቀን ጠበል ማምጣት ነበር። ከጎናችን በአረንጓዴ ጃንጥላ ሥር የሚጽፉ ሌላ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው እንኳ አያውቁም፣ ወይም እንዳላወቁ ይሆኑልን ነበር። ዓይኑ ከደከመ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ማን ባለጉዳይ ይመጣል?

አባዬ አንድ ሕግ ነበረው፤ የባለጉዳይ ቃል አይነካም። አንድ ቀን በግድግዳ የተነሳ ከጎረቤታቸው ጋር የተጣሉ አሮጊት መጡ። ስለ ግድግዳው ሁለት ቃል ተናገሩና ወደ ዋናው ጉዳያቸው ገቡ፤ ጎረቤትየው ባላቸው ሲሞት ለቅሶ አልደረሳቸውም። ይህንም ጻፉልኝ አሉ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ያኔም አሁንም። ወደ አባዬ ጠጋ ብዬ፣

"ይሄ ከግድግዳ ጋር ምን አገናኘው? ዳኛው ይስቅብናል" አልኩት።

"ለዳኛው አይጠቅመው ይሆናል" አለኝ። "ለእሳቸው ግን ጉዳዩ እሱ ነው። ጻፊው።"

ጻፍኩት። ከዚያ እንደ ደንባችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። አባዬ ባለጉዳይ በጆሮው ሳይሰማ ጣቱን ወረቀት ላይ እንዲያሳርፍ አይፈቅድም። ሴትዮዋ ስለ ለቅሶው ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ስለ ግድግዳው ያለውን ያዳመጡትም አልመሰለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ መጣ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት የቀረው ሰሞን ነበር፤ ከተማው በሙሉ ስለ እሱ ያወራል፣ እኛ ቤት ግን ወሬው ሁሉ ስለ ቅጹ ነው። ሕግ መማር እፈልጋለሁ። ለሕግ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያነሳቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ፤ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንዱ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ። እኛ ቤት ስማቸው "እዚህ" እና "እዚያ" ነበር። ሁለቱም የመንግሥት፣ ሁለቱም የተከበሩ። ከሁለቱም የወጡ ጠበቆች በጃንጥላችን ፊት ለፊት ከረባታቸውን እያስተካከሉ ሲያልፉ አያለሁ፤ የትኛው ከየት እንደተመረቀ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የማቀርበው ምክንያት ሁሉ ጌጥ ነበር። እዚያ ተማሪው ጥቂት ነው፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቃል፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ እየሰጡ ይለማመዳሉ እል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ የፈለግሁት ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ጃንጥላው የማይዞርበት አንድ ከሰዓት ነበር። የሰው ክስ፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው የውርስ ጠብ ሳላነብ የሚመሽ አንድ ቀን ፈልጌ ነበር። የአባቴ ዓይን መሆን ሰልችቶኝ ነበር። ይሄው፣ ተናገርኩት።

አባዬ ደግሞ ስለ ዓይኑ አንድም ቀን አያነሳም። ቢያነሳ እኮ እጣላዋለሁ፤ ቢያንስ ጠብ ይሆንልኝ ነበር። እሱ ግን "እዚያ ወባ አለ ይባላል" ይላል። "እዚህ ከቤትሽ በልተሽ ነው የምትማሪው" ይላል። እናቴ ትቀበለውና "ዘመድ በሌለበት አገር ማን አለሽ?" ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

ቅጹን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ዴስክ ላይ ደፋ ብዬ ሞላሁት። አንደኛ ምርጫ፣ እዚያ። ማታ እራት ላይ አባዬ ጠየቀኝ።

"ሞላሽ?"

"ሞላሁ።"

"አንደኛ ማንን አደረግሽ?"

"እዚህን" አልኩት። ሁለተኛ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ፊቱ በርቶ እራቱን ጨረሰ።

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ምደባው ወጣ። እዚያ ደረሰኝ። ስሜ የተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ልቤ በደስታ ሲመታ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ቤት እስክደርስ ፊቴን የሐዘን ፊት ለማድረግ ተለማመድኩ። እናቴ አለቀሰች። አባዬ ግን አልደነገጠም።

"የወረቀት ስህተት ነው" አለ። "የወረቀት ስህተት ደግሞ በወረቀት ይታረማል።"

ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት እምነት ይሄ ነበር። በበነጋው አገር ምድሩን ጠይቆ፣ ምደባ የሚቀየረው በልዩ ምክንያት እንደሆነ አጣርቶ መጣ፤ ለሕመም፣ ለመንታ፣ ለምታጠባ እናት። የቤተሰብ ችግርም በሐኪም ማስረጃ ከተደገፈ ይታያል ብለውታል። ቅዳሜ ከሰዓት ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ታይፑን ቤት አስገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከጎኑም የሐኪሙን ወረቀት አኖረ።

"ተቀመጪ" አለኝ። "ዛሬ ባለጉዳዩ እኔ ነኝ።"

አንደኛው አንቀጽ እሱ ማን እንደሆነና እኔ ልጁ መሆኔን የሚገልጽ ነበር። ሁለተኛው የት እንደተመደብኩ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ አገጩን ብዙ አሻሸ።

"ሦስተኛ" አለ። "እኔ አመልካች ለብዙ ዓመታት ማመልከቻ በመጻፍ ቤተሰቤን ሳስተዳድር የኖርኩ ስሆን፣ በአሁኑ ጊዜ የሁለቱም ዓይኖቼ ብርሃን ስለደከመ ማንበብም ሆነ መጻፍ የማልችል መሆኔን፣ ይህንንም ከሰው ሁሉ ሰውሬ ሥራዬን የምሠራው በዚህች ልጄ ዓይን መሆኑን አስረዳለሁ።" ቆመ። "እሷ ከሄደች እንጀራዬ አብሯት ይሄዳል። ይቺን እንዳለች ተያት። የማመልከቻ ቋንቋ አይደለችም፤ ግን ተያት።"

መታሁት፤ እያንዳንዷን ፊደል። እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ፤ ለእኔ ለልጁ ያልነገረኝን ለማያውቀው ቢሮ ይናገራል ብዬ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር። ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው እሺ እንደሚለው አውቄያለሁ። ከእሱ ጋር ስንት ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ የሚያሸንፈውን አይቼ እለየዋለሁ።

"አንድ ፊደል ስቻለሁ" አልኩት። "እንደገና ልምታው?"

አልሳትኩም ነበር።

"እንደገና ምቺው እንጂ" አለ። "ስርዝ ድልዝ ያለበት ማመልከቻ ባለቤቱን ያቃልለዋል።" ተነስቶ ዱላውን ይዞ ከእናቴ ጋር ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። አዲስ ወረቀት አስገባሁ። አንደኛውን መታሁ፣ ሁለተኛውን መታሁ፣ ከዚያ "ስለሆነም የልጄ ምደባ እንዲስተካከልልኝ በትሕትና አመለክታለሁ" ብዬ ዘጋሁት። የፊተኛውን ወረቀት ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የሐኪሙን ወረቀት ወደ ነበረበት ሳጥን መለስኩና በእሱ ቦታ የውጤቴን ካርድ ቅጂ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩ። ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ምስጢሩን እየጠበቅሁለት ነው የሚል ነበር። ቢሮው ያለው ከልደታ በታክሲ ርቀት ነው፤ ከዚያ ማን መጥቶ ለባለጉዳዮቹ ይነግርበታል? ይሄን እንኳ አላሰብኩም። ማሰብ አልፈለግሁም።

ሲመለሱ አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"አንብቢልኝ።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ አነበብኩለት። አንደኛውን ከወረቀቱ፣ ሁለተኛውን ከወረቀቱ፣ ሦስተኛውን በቃሌ። አንድ ቃል አላዛነፍኩም፤ በደንብ ሰልጥኛለሁ፣ ያሰለጠነኝም እሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። እናቴ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስጨርስ ቀና ብሎ፣

"እሷን ሦስተኛዋን ድገሚልኝ" አለኝ።

ደገምኩለት። የወረቀቱን ባዶ ቦታ እያየሁ።

"ጥሩ ነው" አለ። ወረቀቶቹን ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ለየት ለየት አድርጎ ቆጠራቸው። "ሁለት። አባሪውም አለ።" የፊርማውን ቦታ ጣቱን ይዤ አሳየሁት፤ ፈረመ።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ መንታ ልጆቻቸውን በግራና በቀኝ ያሰለፉ እናት ከፊታችን ቆመዋል። ወረፋችን ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ወጣት ነበር፤ ትሁት። ማመልከቻውን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

"አባት፣ ምክንያት አልገለጹም እኮ" አለው።

"ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አለልህ፣ ልጄ" አለ አባዬ።

"ሦስተኛ አንቀጽ የለውም።"

"እስቲ ካላስቸገርኩህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።"

ልጁ አነበበለት። አንደኛ። ሁለተኛ። ስለሆነም። አባሪ፣ የተማሪዋ ውጤት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አባዬ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ትክክል እኔ ጋ ሳይሆን ትንሽ ከትከሻዬ አለፍ ብሎ። እንዲያ ነበር የሚያየው ያን ጊዜ። መልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለው። "ጸሐፊ ነኝ፤ ከሌላ ባለጉዳይ ማመልከቻ ጋር ተምታቶብኝ ነው።"

"ግድ የለም" አለ ልጁ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ እየገለጠ። ሊያጽናናው ነው እንግዲህ የፈለገው። "ደግሞ አባት፣ ምን አስቸገረዎት? ልጅዎ አንደኛ ምርጫዋን ነው ያገኘችው። ይኸው፣ ራሷ ናት የመረጠችው።"

በአፉ መናገር ይችል ነበር። ዓይኔ አያይም፣ እንዲህና እንዲያ ነው፣ የሐኪሙን ማስረጃ ነገ አመጣለሁ ማለት ይችል ነበር። ልጁ የሚሰማ ልጅ ነበር። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳው።

"እንግዲያው አቤቱታ የለኝም" አለ።

በታክሲ ሜክሲኮ ወርደን ወደ ልደታ በእግራችን ስንሄድ እንደ ወትሮው ክንዱን ያዝኩት። አላስለቀቀኝም። ቢያስለቅቀኝ ይሻለኝ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ጭቃውን በዱላው እየፈተሸ ይራመዳል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስንደርስ ቆሞ አማተበ፤ ከዚያ እዚያው ቆሞ ተናገረ።

"መሄድ መፈለግሽ ጥፋት አይደለም። እኔም አፌን ከፍቼ አትሂጂ አላልኩሽም፤ በወባ ሳስፈራራሽ ነው የከረምኩት።" ዱላውን ጭቃው ውስጥ ተከለ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የባለጉዳዮቼንስ?"

"ምን የባለጉዳዮችህን?"

"ቃላቸውን። እንዲህ ታደርጊ ነበር ወይ? ያልተጻፈውን ተጽፏል እያልሽ ታነቢላቸው ነበር?"

"አባዬ ሙት! አንድም ቀን! በልደታ!" አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። እውነቴን ነበር፤ የአንድም ሰው ቃል ነክቼ አላውቅም። የእሱን ብቻ ነው የቆረጥኩት። እሱ ግን እንዴት ይወቅ? እኔን የሚያረጋግጥበት ዓይን እኔው ነበርኩ።

በማግስቱ ያደረገውን አልረሳም። ማመልከቻ ስንመታ ከሥር ካርቦን እናደርጋለን፤ ቅጂው ቤት ውስጥ በሻንጣ ይከማቻል። ሻንጣውን አሸክሞኝ ጃንጥላው ሥር አመጣና እትዬን ጠራቸው።

"እትዬ፣ ዓይኔ አያይም" አላቸው። እንዲሁ፣ ጥላዬ ተቀደደ እንደሚል ሰው። "ከጀመረኝ ቆይቷል። ጊዜ ሲኖርዎት እነዚህን ያንብቡልኝ።"

"አውቃለሁ እኮ ጋሼ" አሉት እትዬ። "እስቲ ያምጧቸው።"

ልሄድ የቀረኝን ቀናት በሙሉ አነበቡለት። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሻንጣው ይከፈታል። እሱ የእያንዳንዱን ባለጉዳይ ቃል ያስታውሳል፤ እያዳመጠ በሆዱ ያመሳክራል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውስጥ የሚቀርብ ተከሳሽ እንደ እኔ አይጨነቅም። አልዋሸሁም፣ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ሲነሳ የማን እንደሆነ ለማየት አንገቴን አስግጋለሁ። የግድግዳዋ አሮጊት ማመልከቻ ሲደርስ እትዬ "ባሌም ሲሞት ለቅሶ ያልደረሰኝ በመሆኑ" ብለው አነበቡ። አባዬ ፈገግ አለ።

"ያቺ ቃል አለች?" አለ።

"አለች" አሉት።

ለምን እንደሚያስነብባቸው እትዬ አልጠየቁም። እኔንም ቀና ብለው አላዩኝም። ሻንጣው ሲያልቅ አባዬ ከረሜላ ገዝቶ ሰጠኝ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይቅርታ ማለቱ መሰለኝ። ከእኔ መቅደም የነበረበት ይቅርታ ግን ከአፌ አልወጣም፤ በሳምንቱ በሶዬን ተሸክሜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እዚያ ጥሩ ነበር። ክፉ ነበር ብል በተመቸኝ፤ ግን ጥሩ ነበር። ከሰዓቶቼ የራሴ ሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥ ያለ ነበር፣ መምህሮቼ እውነትም በስሜ ያውቁኝ ነበር። የባለጉዳይ ቃል ስለ መጠበቅ ሲያስተምሩን ማስታወሻ ያዝኩ፤ በፈተናም ደህና ነጥብ አገኘሁበት። ሳቁብኝ፣ መብታችሁ ነው።

ተመርቄ ስመለስ ሰንጋ ተራ አንድ ጠበቃ ቢሮ ሥራ አገኘሁ። ሰማያዊውና አረንጓዴው ጃንጥላ ተጠጋግተው ነበር። እትዬ ኮምፒውተር ገዝተዋል፤ አባዬ ያዳምጣል፣ አንቀጹን ይሰጣል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ገቢውን ይካፈላሉ። እንጀራው ከእኔ ጋር አልሄደም። ይህ ሊያቀለኝ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ልጠይቀው ብቅ ስል እትዬ ለጉዳይ ወጣ ብለዋል፤ አንድ ሰው ማመልከቻ ፈልጎ ቆሟል። "እኔ ልጻፍልህ" አልኩት። አባዬ ፊቱ በራ። ተቀመጥኩ፤ ነገረኝ፣ ጻፍኩ፣ ለባለጉዳዩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አምስት አንቀጽ ነበር፤ ስለ ቤት ኪራይ። "ጎሽ፣ እጅሽ አልቀዘቀዘም" አለኝ። ሰውየው ቴምብር ሊገዛ ሄደ፤ እኔም ጉልበቱን ስሜ ተነሳሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ሞባይሌን ጠረጴዛው ላይ መርሳቴ ትዝ አለኝ።

ስመለስ እትዬ ገብተዋል። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ የጻፍኩትን ወረቀት ይዞ ወደ እሳቸው ዘረጋ። እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከመጀመሪያው አነበቡለት። እሱ እንደዚያ ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሞባይሌ ከክርኑ ሥር ይታየኛል፤ እጄን ልዘረጋ አልቻልኩም። እትዬ አምስተኛውን ጨርሰው ወረቀቱን አጠፉት።

"ምንም የጎደለ የለም፣ ጋሼ" አሉት።

"አውቃለሁ" አለ አባዬ። ከዚያ፣ "እሷን ሦስተኛዋን ይድገሙልኝ" አላቸው።